የሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተረከብኩ፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ድምፅ አያወጡም

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ ኅዳር 26 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ለዊንተሩ የቅርጫት ኳስ ሊግ አስመዘገብኳት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኢሜይል መጣ። አሠልጣኝ ካልተገኘ ቡድኑ ይፈርሳል ይላል። ተማሪ እያለሁ አዲስ አበባ ለትምህርት ቤቴ ተጫውቻለሁ፤ እኔ እይዛቸዋለሁ ብዬ መለስኩ። የወንጀል መዝገቤን አጣሩ፣ ስለ ልጆች ደኅንነት አጭር ትምህርት ኦንላይን ወሰድኩ፣ በቃ አሠልጣኝ ሆንኩ። ዘጠኝ ልጆች፣ ስድስት ኳሶች፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም። ያለኝ ይኸው ነው።

ከዘጠኙ አምስቱ የሐበሻ ልጆች ናቸው። የሁለቱ ወላጆች ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ እዚሁ ያደጉ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ልጆች ናቸው። በማልያ ቁጥራቸው ልጥራቸው።

ችግሬን በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ትናንት፣ በመጀመሪያው ልምምድ፣ አንድ ኳስ ከእጅ አምልጣ ተንከባለለች። 4 ቁጥርና 11 ቁጥር ከሁለት ወገን ሮጠው ደረሱ። ሊይዟት ሲሉ ተያዩ። ሁለቱም ወደ ኋላ አሉና "ሶሪ" ተባባሉ። ኳሷ በመሃላቸው አልፋ ሄዳ ግድግዳው ጋ ቆመች። ማንም አልተከተላትም።

ስንት ጊዜ "ሶሪ" እንደሚባል መቁጠር ጀምሬ ሠላሳ ላይ ተውኩት። ሲስቱ ሶሪ፣ ሲጋጩ ሶሪ፣ ከተጋጣሚ ኳስ ሲቀሙ እንኳ ሶሪ። "ለእኔ ስጪኝ" የምትል አንድም የለችም።

11 ቁጥር የራሴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ጎረቤት ይሰማታል። ያን ጊዜ "ዝም በይ፣ ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም" የምላት እኔው ነኝ። ትናንት ማታ መኪና ስነዳ ይህ ነገር ሲከነክነኝ ነበር።

ጨዋታ የሚጀምረው ከገና በኋላ ነው። ስምንት ቅዳሜዎች። ሴት ልጆች ያሠለጠናችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

ቀጥተኛው፣ ኅዳር 26 ቀን 2018

ወንድሜ፣ አትጨነቅ። መጀመሪያ ሌይ አፕ አስተምራቸው፤ እየሮጡ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ዘሎ ማግባት ማለቴ ነው። ቀኝ እጅ ለምትጠቀም ልጅ፦ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ ዝላይ። ያለ ኳስ፣ ከዚያ ከኳስ ጋር። በዚህ ዕድሜ የሚያሸንፈው ሌይ አፕ የሚያገባ ቡድን ነው። ማግባት ሲጀምሩ አፋቸው ራሱ ይከፈታል።

የጉለሌዋ መምህርት፣ ኅዳር 27 ቀን 2018

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል የተውጣጣ የሴቶች ቡድን አለኝ። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው። ቅርጫቱ መረብ የለውም። መስመሩን በየሳምንቱ በኖራ አሰምራለሁ። ያንተዎቹ "ሶሪ" ይላሉ፤ የእኔዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ነገሩ አንድ ነው።

እኔን የረዳኝን ልንገርህ። ስም ሳትጠራ ኳስ የምትወረውር የለችም። ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ኳስ የያዘችው የምትሰጣትን ልጅ ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። ተቀባይዋ ሁለት እጇን ዘርግታ "እዚህ!" ትላለች። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ኳሱ ይመለሳል። ቁጣ የለም፣ ፑሽ አፕ የለም፤ ይመለሳል ብቻ። የመጀመሪያ ቀን ያፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ክፍል መምህር ዝም አሰኚልኝ ብሎ መጣ።

ለምን እንደሚሠራ ስመለከት ቆይቻለሁ። "ለእኔ ስጪኝ" ማለት ነውር የሚመስላት ልጅ የጓደኛዋን ስም ለመጥራት አታፍርም። ድምፅዋን መጀመሪያ ለሌላ ሰው ታወጣዋለች። ከለመደችው በኋላ ነው ለራሷ የምትጠቀምበት። ስለዚህ ከ"እዚህ" አትጀምር፤ ከስም ጀምር።

ልምምዳችን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከትምህርት በኋላ ብዙዎቹን ቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል። ወንድሞቻቸው ኳስ ሲጫወቱ እነሱ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሕፃን ያዝላሉ። ጠዋት ግን ሰዓቱ የራሳቸው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ስንት ልጅ ከቀረ በኋላ ነው ይህን የተረዳሁት።

ኳሶችህ ስንት ቁጥር እንደሆኑ እየው። የእኔ ትልቁ ፈተና እሱ ነው። ያሉን ሁለት ኳሶች 7 ቁጥር ናቸው፣ የአዋቂ ወንዶች። 600 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ያንን ከግንባሯ በላይ አድርጋ መወርወር ስለማትችል ከዳሌዋ ትወነጭፈዋለች። ያ አወራወር አንዴ ከለመደባት ማስተው ከባድ ነው። የሴቶች ኳስ 6 ቁጥር ነው፤ ከ510 እስከ 567 ግራም። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ በልጅ ክንድ ላይ ግን ብዙ ነው።

የመንታዎች እናት፣ ኅዳር 28 ቀን 2018

ስለ ጨዋታው ብዙ አላውቅም። ግን ወንድ አሠልጣኝ ስለሆንክ አንድ ነገር ልንገርህ።

ፋሻና በረዶ የምትይዝበት ቦርሳ አለህ አይደል? ሞዴስ ጨምርበት። ከሥር ሳይሆን የጎን ኪስ ውስጥ፣ ሳይጠይቁህ እጃቸውን ሰደው የሚያገኙት ቦታ። ትርፍ ጥቁር ቁምጣም አንድ ሁለት። 11 እና 12 ዓመት ብዙዎቹ የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። አንዷ ልጄ ቮሊቦል ያቆመችው በዚህ ነው። የቡድኑ ቁምጣ ነጭ ነበር። ለምን እንዳቆመች የነገረችኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰንፋ ነው ብዬ እቆጣት ነበር።

ንግግር አታድርግላቸው። "የጎኑ ኪስ የሁላችሁም ነው" በል። እሱ ይበቃል።

ፊዚዮ ከአሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018

ሰላም። ቨርጂኒያ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በሥራዬ ብዙ የሃይስኩል ሴት ልጆች ጉልበት አያለሁ፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጉልበት ውስጥ ኤሲኤል የሚባል ጅማት አለ። በቅርጫት ኳስና በእግር ኳስ ሴት ልጆች ይህን ጅማት ከወንዶቹ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይበጥሳሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው ነው። ከዝላይ ሲያርፉ፣ ወይም እየሮጡ ድንገት ሲታጠፉ። ቀዶ ሕክምናውና ማገገሚያው ዘጠኝ ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የአንተ ልጆች ገና ናቸው። ጉዳቱ የሚበዛው ሃይስኩል ሲገቡ ነው። ሰውነታቸው አስተራረፉን የሚለምደው ግን አሁን ነው።

ከእያንዳንዱ ልምምድ አሥር ደቂቃ ስጠኝ። ይዝለሉና ይረፉ። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከት። አንደኛ፣ ሲያርፉ ድምፅ አይሰማ። ድመት ከአጥር ስትወርድ እንዴት ነው? እንደዚያ። ሁለተኛ፣ ጉልበታቸው ይታጠፍ፣ ግን ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ አይሳሳሙ። ከፊት ለፊት ቆመህ እይ፤ ከጎን አይታይም። ከዚያ በአንድ እግር ይረፉ። ከዚያ እየሮጡ ማቆም። እንዲህ ዓይነት ማሟሟቂያ ሳይቋረጥ ከተሠራ ጉዳቱን በግልጽ ይቀንሳል። ለአንድ ወር ሠርቶ መተው ግን ጥቅም የለውም።

የከፍተኛዋ ተጫዋች፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018

ልጄ፣ እንደምን ነህ። እኔ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ለከፍተኛችን (በደርግ ጊዜ ወረዳ እንደማለት ነው) ቅርጫት ኳስ የተጫወትኩ ነኝ። አሁን ቨርጂኒያ የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ።

ያ "ሶሪ" ዛሬ የመጣ አይደለም። ጀምስ ናይስሚዝ ይህን ጨዋታ ማሳቹሴትስ ውስጥ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በዓመቱ ሰንዳ በረንሰን የምትባል መምህርት እዚያው ስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች አስተማረችው። ግን በጊዜው ለሴት ይከብዳል ስለተባለ ሕጉን ለወጠችው። ሜዳው በሦስት ተከፈለ፤ ልጅቷ ከተመደበችበት መስመር አትወጣም። ከሌላ ሰው እጅ ኳስ መንጠቅ ክልክል። ከሦስት ጊዜ በላይ ማንጠር ክልክል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1893 ተማሪዎቹ ሲጋጠሙ ወንድ እንዲያይ አልተፈቀደም። አዮዋ ውስጥ ደግሞ ሴቶች በአንድ ቡድን ስድስት ስድስት ሆነው ሦስቱ ማጥቃት ብቻ፣ ሦስቱ መከላከል ብቻ እየሠሩ፣ የሜዳውን አጋማሽ ሳይሻገሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ ተጫውተዋል። መቶ ዓመት ማለት ነው።

ሴትየዋን መውቀሴ አይደለም። እሷ ባትጀምረው እኔም አልጫወትም ነበር። ግን "ከመስመርሽ አትውጪ፣ አትንጠቂ" የሚለው ከሕጉ ወጥቶ በልጆቹ ሰውነት ውስጥ ቀርቷል። እኔም አባቴ ሜዳ መጥቶ ሲያየኝ ኳስ መንጠቅ አቆም ነበር። እስኪሄድ እጠብቃለሁ። እሱ ደግሞ ያየው ያንን ነውና "ጨዋታ አትችይም" ይለኝ ነበር።

ልጆቹ አባቶቻቸው እያዩ መንጠቅን ይልመዱ። ትልቁ ሥራህ እሱ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷም በትምህርት ቤት ሩጫ ላይ አባቷ ሲመጣ ፍጥነቷን ትቀንስ እንደነበር ነገረችኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አልሰማሁም።

መምህርት፣ ስም መጥራቱን ጀምረናል። ኳሶቻችን 6 ቁጥር ናቸው፤ እንደ እድል ሆኖ። መጀመሪያ ቀን ሹክሹክታ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። 4 ቁጥር፣ የሳልቫዶሯ ልጅ፣ "በእናንተ ቋንቋ ሌፍት ምንድን ነው?" ብላ 11 ቁጥርን ጠየቀቻት። "ግራ" አለቻት። "ራይትስ?" "ቀኝ።" አሁን መከላከል ላይ ስንሆን ሁሉም በአማርኛ ነው የሚጠራሩት፤ ተጋጣሚ አይገባውም ብለው። 4 ቁጥር "ቀ" ስለማይወጣላት "ኬኝ!" ትላለች። ልጄ ጉሮሮዋን በጣቷ እያሳየች ታርማታለች። ይህቺው ልጅ ናት ጓደኞቿ ፊት በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ።

ፊዚዮ፣ ዘጠኝ ልጅ አንድ ላይ ዘሎ ጂሙ ዝም ሲል ደስ ይላል። 2 ቁጥር ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ እያየኋት ነው።

የመንታዎች እናት፣ የጎኑ ኪስ ቀለል ብሏል። ሞላሁት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ ጥር 3 ቀን 2018

ትናንት የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። 24 ለ6 ተሸነፍን።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ላውራችሁ። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ልጆቹን አሰልፎ አየ። ጉትቻ ማውጣት ግድ ነው። 15 ቁጥር አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ጥቁር ክር፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል። "ይህን አውልቂ" አላት። ልጅቷ መስቀሉን በመዳፏ ሸፍና እኔን አየችኝ። እንባዋ ዓይኗ ላይ ደርሷል። እናቷ ከተመልካች ወንበር ተነሣች። እኔ ቀስ ብዬ ሃይማኖታዊ ነው አልኩት። ደግ ሰው ነው። ከሆነማ በፕላስተር ተለጥፎ ማልያ ሥር ይሁን፣ ደንቡ ይፈቅዳል አለ። ከቦርሳው ነጩን ፕላስተር አወጣሁ። እናቷ መጥታ መስቀሉን ደረቷ ላይ በሁለት ረድፍ ለጠፈችላት። ጫፍ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። የሐበሻ ልጆች የምታሠለጥኑ ፕላስተር ይዛችሁ ሂዱ። ደንቡን አስቀድማችሁ እወቁት። ልጅ በእምነቷና በጨዋታዋ መሃል ለአንድ ደቂቃ እንኳ መቆም የለባትም።

ወደ ጨዋታው ስንመጣ፣ በእኛ ሊግ እያንዳንዷ ልጅ ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ መግባት አለባት። እኔ ደግሞ ለሁሉም እኩል ሰዓት ሰጠሁ። 8 ቁጥር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሌላ ቡድን ውስጥም ትጫወታለች። እሷ ወጥታ ሳለ ነው አሥሩ ነጥብ የገባብን። አባቷ ከመቀመጫው ጮኸብኝ። ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም ስም አልጠራም። የአንድ ወር ሥራ በአንድ ጩኸት ጠፋ።

ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?

ቀጥተኛው፣ ጥር 3 ቀን 2018

ቅር እንዳይልህ፤ ተሳስተሃል። መጮኹ አግባብ አይደለም፤ ሰውየው የሚጠይቀው ግን ትክክል ነው። ደንቡ ግማሽ ካለ ግማሽ ስጥ። ጎበዟን ልጅ አስቀምጠህ አሥር ነጥብ ሲገባብህ ሌሎቹም ይሰበራሉ። ልጆች ነጥብ መቁጠር ያውቃሉ። እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጌአለሁ። ጎበዝ ስትሆን "አንቺ ቆይ፣ ለሌሎች ይድረስ" መባል ለሴት ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ የምትሰማው እሱን ነው። አንተም አትድገምባት።

የጉለሌዋ መምህርት፣ ጥር 4 ቀን 2018

ቀጥተኛው፣ የመጨረሻው ነጥብህ አሳስቦኛል። ስለዚህ አልከራከርህም። ግን የማየውን ልንገርህ። በዚህ ዕድሜ የምታቆመው ልጅ ጎበዟ አይደለችም። ስምንተኛዋና ዘጠነኛዋ ናት። እሷ ስትቀር ቡድን የለም፤ አምስት ልጅ ይዘህ ልምምድ እንኳ አይሠራም። ደግሞ የ12 ዓመቷ ደካማ በ15 ዓመቷ ምን እንደምትሆን ማንም አያውቅም። ዛሬ ለክፍለ ከተማው የምትጫወትልኝ ልጅ በ6ኛ ክፍል ኳስ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍን ነበረች።

ዳኛ ነኝ፣ ጥር 4 ቀን 2018

የምዳኘው የልጆች ሊግ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበርና ኤንቢኤ አብረው ያወጡት የወጣቶች መመሪያ አለ። ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉ ቅርጫቱ 2 ሜትር ከ74 ይሁን፣ ዞን መከላከልም (እያንዳንዷ ሰው ሳይሆን ቦታ የምትጠብቅበት) አይኑር ይላል። ምክንያቱም አምስት ልጆች ቅርጫት ሥር ከቆሙ የዚያ ዕድሜ ልጅ ከሩቅ ወርውራ ማግባት አትችልም፤ ጨዋታው ይሞታል። 24 ለ6 የተሸነፍከው ዞን ከሚጫወት ቡድን ጋር ከሆነ ልጆችህን አትፍረድባቸው። አንተ ግን ሰው በሰው መያዙን አስተምር። የሚያወራ ቡድን የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ሰው በሰው ስትይዝ ካልተነጋገርክ ወዲያው ይገባብሃል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ ጥር 25 ቀን 2018

ቆየሁ። በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጂሙም ተዘጋ። ለጥምቀት ደግሞ ሁለቱ ልጆች ቅዳሜ የመዝሙር ልምምድ ነበራቸው። ሂዱ አልኳቸው። በሰባት ልጅ ተጫወትን። ተሸነፍን።

ስለ 8 ቁጥር ቀጥተኛው ያለው እንቅልፍ ነሣኝ። እውነት አለው። ስለዚህ እኩል ሰዓቱን ለሦስት ኳርተር አድርጌ አራተኛውን ለቀቅ አደረግሁት። አባቷን ደግሞ ፓርኪንግ ላይ አገኘሁት። እንደ ወንድም አናገርኩት። "ልጅህ በጣም ጎበዝ ናት፤ አንተ ስትጮህ ግን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ አይተኸዋል?" አልኩት። አላየውም። ከጀርባዋ ነው የሚቀመጠው። ከእኔ ጋር ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥና መዝገብ ያዝልኝ አልኩት። ነጥብ አይደለም፤ ስም ተጠርቶ የተሰጠ ኳስ ብቻ ቁጠርልኝ። ቅዳሜ እርሳስ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው አጋማሽ አሥራ አንድ፣ በሁለተኛው ሃያ ሦስት ጻፈ። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ለልጆቹ አሳያቸው። እሱ ራሱ።

አሁን ደግሞ የማልረሳውን። ሦስተኛው ኳርተር ላይ ኳስ መሬት ወደቀች። 4 ቁጥርና 11 ቁጥር ተወረወሩባት። አዎ፣ ያንኑ ቀን "ሶሪ" የተባባሉት ሁለቱ። ሁለቱም "የእኔ!" ብለው በአማርኛ ጮኹ። ሁለቱም ያዙ። አንለቅም አሉ። የአንድ ቡድን ልጆች ወለል ላይ ተንበርክከው ኳስ ይጓተታሉ፤ ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። በመጨረሻ 4 ቁጥር መንጭቃ ወሰደችና ሮጠች። ልጄ ከወለሉ ተነሥታ "ቀኝ! ቀኝ!" እያለች ተከተለቻት። አላገባችም። እኔ ግን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ያን ቀን 18 ለ14 አሸነፍን።

የከፍተኛዋ ተጫዋች፣ ጥር 26 ቀን 2018

እልል! እንዲህ ነው እንጂ! ለ4 ቁጥር እትዬ ሳመችሽ በልልኝ። ለልጅህም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ የካቲት 12 ቀን 2018

ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ። ረመዳንም በዚያው ሳምንት። ከልጆቹ ሁለቱ ከሥጋና ከወተት ይጾማሉ። 10 ቁጥር ደግሞ ሙስሊም ናት፤ ዘንድሮ አንዳንድ ቀን ልጹም እያለች ነው። ቅዳሜ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነው። ምን ላድርግ?

እናት ከፎልስ ቸርች፣ የካቲት 12 ቀን 2018

ሰላም ወንድሜ። የእኔም ልጅ በዚህ ዕድሜ ሂጃብ አድርጋ ትጫወታለች። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ራስ መሸፈኛን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ስለ ጾሙ፣ እናቷን ደውለህ ጠይቅ። ልጅቷን በሌሎቹ ፊት አትጠይቃት። እኛ ቤት የጨዋታ ቀን ከሆነ ትበላለች፣ ሌላ ቀን ትሞክራለች፤ የሌላው ቤት ይለያል። ከጾመች ቶሎ ቶሎ ቀይራት፣ ራሷን ካዞራት አስወጣት። ከሁሉ በላይ "አትችይም" አትበላት። ኮርታበታለች።

ፊዚዮ ከአሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 13 ቀን 2018

ለሁለቱ የክርስቲያን ልጆች ከጨዋታው ሦስት ሰዓት በፊት ደህና ምሳ ይብሉ። ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ በቂ ነው። በቦርሳህ ሙዝ፣ ቴምርና ቆሎ ያዝ። በዚህ ዕድሜ ለሴት ልጆች ብረት ያስፈልጋል፤ ምስሩ ይበዛላቸው። ከምግቡ ጋር ሻይ አይጠጡ፤ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ የካቲት 30 ቀን 2018

ቅዳሜ ጨረስን። ከስምንት ጨዋታ ሁለት አሸነፍን። የመጨረሻውን በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፣ 21 ለ20። 8 ቁጥር በመጨረሻው ሰከንድ ራሷ መወርወር ስትችል "2!" ብላ ቁጥሯን ጠርታ ለ2 ቁጥር ሰጠቻት። 2 ቁጥር በሙሉ ሲዝኑ አንድ ነጥብ አላገባችም። ወረወረች። ቅርጫቱን ዞሮ ወጣ። ጂሙ በሙሉ "ኦ!" አለ። ልጅቷን አየኋት። "ሶሪ" ትላለች ብዬ ነበር። "በጣም ቀርቦ ነበር አይደል?" አለችኝ።

ልክ ያደረገችው 8 ቁጥር ናት ወይስ ራሷ መወርወር ነበረባት? አባቷ ያልተናገረውን እኔ አልናገርም። መዝገቡ ላይ ግን የመጨረሻዋን ጭረት ሲያሰምር አየሁት።

ስድስቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝግበዋል። 2 ቁጥር ግን ቲያትር ክበብ ልገባ ነው አለችኝ። ከፋኝ፤ አልደብቅም። ያን ሁሉ ሳምንት ጉልበቷን አይቼ፣ አሁን አስተራረፏ የሁሉ ተምሳሌት ሆኗል። መልካም ይሁንልሽ፣ መድረክ ላይም ድምፅ ያስፈልጋል አልኳት። ሄዳ ተመልሳ አቀፈችኝ።

ቀጥተኛው፣ የካቲት 30 ቀን 2018

ወንድሜ፣ በአንድ ነጥብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ የፓሪስ 2024 የሴቶች ፍጻሜን አሳያቸው። አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ66። ፈረንሳይ በመጨረሻው ቅጽበት አገባች፤ ግን የልጅቷ እግር የሦስት ነጥቡን መስመር ስለረገጠ ሁለት ተቆጠረ። ሦስት ቢሆን ተጨማሪ ሰዓት ነበር። ስለ 8 ቁጥር ደግሞ እኔ ብሆን ራሷ ትወርውር እላለሁ፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ያንን ኳስ ባየው ደስ ባለኝ።

የጉለሌዋ መምህርት፣ መጋቢት 1 ቀን 2018

እንኳን ደስ አለህ። እኔም ከአንተ ልጆች ወስጃለሁ፤ የእኔዎቹ "ግራ፣ ቀኝ" ተጋጣሚም ስለሚገባው የራሳቸውን ፈጥረዋል። ግራው "ሽሮ"፣ ቀኙ "በርበሬ" ነው። መዝጋቢ ወላጅም አግኝቻለሁ፤ የአንዷ እናት ናት፣ ጠዋት ከገበያ በፊት ትመጣለች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ ውይይት ላይ ካላችሁት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ? ያገለገለ ቢሆንም 6 ቁጥር ኳስ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፣ መጋቢት 1 ቀን 2018

መምህርት፣ አለ። የ15 ቁጥር እናት ለፋሲካ ትሄዳለች። የ8 ቁጥር አባት ሁለት አዲስ ገዝቷል፤ ከእኛም ሁለት እንጨምራለን። አየሩን አስተንፍሰን ሻንጣ ውስጥ አጥፈን እንልካቸዋለን። መንፊያ አለሽ?

የጉለሌዋ መምህርት፣ መጋቢት 1 ቀን 2018

አራት! እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መንፊያ አለን። መርፌው ግን ተሰብሯል። ካላስቸገርኩ መርፌ ሁለት ሦስት ጨምሩበት፤ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ነው የሚሰበረው።